ጡረታ ወጥታችሁ የራሳችሁ ጥግ ስትፈልጉ፦ ከሳሎን እስከ ጓሮ የቱ ይሻላል?

የዕድር ጓደኛዬ ጡረታ የወጣ ሰሞን ሸራ፣ ቀለም፣ ብሩሽና ባለ ሦስት እግር የሥዕል ማቆሚያ ገዛ። በወጣትነቱ ይሥል ነበር። ሠላሳ ምናምን ዓመት ቢሮ ሲመላለስ ጊዜ አጣ እንጂ ፍቅሩ አልጠፋም። ማቆሚያውን ሳሎን መስኮት ስር ዘረጋው። ቅዳሜ እንግዳ መጣ፣ ማቆሚያው ታጥፎ ከሶፋው ጀርባ ገባ። ሰኞ አወጣው። ረቡዕ ዘመድ ከክፍለ ሀገር መጣ፣ ተመልሶ ገባ። ሁለት ወር ሳይሞላ መውጣቱ ቀረ። አሁን ፎጣ ይሰጣበታል።

በሱ ልስቅ አልችልም። እኔ የቴክኒክ ንድፍ መምህር ነበርኩ። በ60 ዓመቴ ስወጣ እንጨት መቅረጽ ጀመርኩ፤ ባለቤቴ ደግሞ ከእናቷ ወደ ተማረችው የመሶብ ስፌት ተመለሰች። በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ቦታ ቀያይረናል፣ አንዱ ላይ ያለ በቂ ሐሳብ ገንዘብ ከስክሰናል። ከዚያ ወዲህ ጡረታ የሚወጣ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ሁሉ "እስቲ ና ቤቴን እየው" ይለኛል። ያየሁት የአዲስ አበባ ቤት ነው፣ ግቢ ያለውም ኮንዶሚኒየምም። ስለዚህ የምጽፈው ስለሱ ነው።

መጀመሪያ መለኪያው

ሰው ሲጠይቀኝ "ሰርቪሱን ላድስ ወይስ የልጁን ክፍል ልያዝ?" ብሎ ይጀምራል። እኔ መልሼ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ሥራህን ግማሽ ላይ ትተኸው ብትነሳ፣ ነገ ጠዋት እንደተውከው ታገኘዋለህ?

ለእኔ ዋናው መለኪያ ይሄ ነው። ሌላው ሁሉ ከሱ ቀጥሎ ይመጣል። ለመዘርጋት ሃያ ደቂቃ፣ ለመሰብሰብ ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ሙሉ ግማሽ ቀን ነፃ ካልሆነ አይጀመርም። ጡረተኛ ደግሞ ጊዜ አለው ይባላል እንጂ ለቅሶው፣ ሠርጉ፣ የልጅ ልጅ ማመላለሱ፣ የባንክ ሰልፉ ቀኑን ቆራርጦ ነው የሚሰጠው። ሃያ ደቂቃ ስትገኝ ቁጭ ብሎ ሁለት መስመር መቅረጽ የሚቻለው መሣሪያው እዚያው ተዘርግቶ ከጠበቀ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ብርሃን ነው። ዕድሜ ሲገፋ የዓይናችን ብሌን ይጠብባል፣ ውስጡ ያለው ሌንስም ወደ ቢጫ ያደላል። ስለዚህ የስድሳ ዓመት ሰው የሃያ ዓመት ወጣት ከሚበቃው ብርሃን እጥፍና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። "በፊት እዚች ጋ ቁጭ ብዬ እጠልፍ ነበር" የምትሉት ቦታ ዛሬ ጨለማ የሚሆንባችሁ ለዚህ ነው። ቤቱ አልተለወጠም።

የመስኮት አቅጣጫ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። የሥዕል መጻሕፍት "የሰሜን መስኮት ምረጥ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ አይገባበትም" ይላሉ። ያ የተጻፈው ለአውሮፓ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። የቀትር ፀሐይ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ በደቡብ በኩል ትሄዳለች፣ ከዚያ በኋላ እስከ ነሐሴ ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ስለዚህ የሰሜን መስኮት በጋውን ሙሉ የተረጋጋ ብርሃን ይሰጣል፣ ግንቦት ላይ ግን ፀሐይ ይገባበታል። ሰኔና ሐምሌ ደመናው ይሸፍነዋል። የደቡብ መስኮት በተቃራኒው በጋ ላይ ያቃጥላል። ለባለቤቴ አለላ ይሄ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ቀለም የገባ ሣር ፀሐይ ላይ ሲውል ይደበዝዛል። የምሥራቅና የምዕራብ መስኮት የግማሽ ቀን ነገር ነው፣ መጋረጃ ይፈልጋል።

ሦስተኛው አቧራ፣ ሽታና ድምፅ። በሁለት በኩል እዩት። የእናንተ ሥራ ቤተሰቡን ይረብሻል ወይ? የቤቱ ጫጫታስ እናንተን ይረብሻል ወይ? የእንጨት ብናኝ ከምግብ ጋር አይኖርም። በገና የሚደረድር ሰው ደግሞ ማንንም አይረብሽም፣ እሱን ግን ቴሌቪዥኑ ይረብሸዋል።

አራተኛው ጉልበት፣ ማለቴ የእግር ጉልበት። ስንት ደረጃ አለው? ሽንት ቤቱ ስንት እርምጃ ነው? ዛሬ በ60 ምንም አይመስልም። ቦታውን የምታዘጋጁት ግን ለ75ም ነው።

አምስተኛው፣ ማን ይነጥቃችኋል? ይሄን በግልጽ መናገር ስለሚያሳፍር ማንም አያነሳውም። ባዶ ክፍል ያለው ቤት ዘመድ አያጣም። ወይ ልጅ ሥራ ለቆ ይመለሳል፣ ወይ የእህት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ እስክታገኝ ትመጣለች። እምቢ አይባልም። ስለዚህ ቦታው ሲመረጥ "ሰው ቢመጣ መጀመሪያ የሚወሰደው የትኛው ነው?" ብላችሁ አስቡ።

የመጨረሻው ገንዘብ ነው። የሲቪል ሠራተኛ ጡረታ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ እየተጨመረ የሚታሰብ ነው፣ ጣሪያው 70 በመቶ። ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙን 55 በመቶ ያገኛል ማለት ነው። ኑሮው ደግሞ 55 በመቶ አልሆነም። እኔ ወጪን በብር አልጽፍላችሁም፣ የዛሬ ዋጋ ለሚቀጥለው ወር አይሠራም። በወር ጡረታ ልለካው። የማይታይ ወጪም አለ፦ ክፍሉ ቢከራይ ኖሮ ይገኝ የነበረው ኪራይ።

የሳሎን ወይም የመኝታ ቤት ጥግ

ርካሽ ነው፣ ቅርብ ነው፣ ይሞቃል፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ ነው፣ ቡናው ሲፈላ መነሳት አያስፈልግም። የጓደኛዬ ማቆሚያ ላይ የደረሰውን ግን አይታችኋል። ጥግ የሚሠራው መዝጊያ ሲኖረው ነው።

የተሻለው ዘዴ ሳሎን ውስጥ ጠረጴዛ መዘርጋት ሳይሆን ቁምሳጥን ማሠራት ነው። ወርዱ አንድ ሜትር ከሃያ፣ ጥልቀቱ ስልሳ ሳንቲ ገደማ፣ ከወለል 73 ሳንቲ ላይ ጠረጴዛ የሚሆን ጠፍጣፋ፣ ከሱ በላይ መደርደሪያ፣ ውስጡ መብራት፣ ፊት ለፊቱ ሁለት በር። ሥራው ተዘርግቶ እያለ በሩ ይዘጋል። እንግዳ ቢመጣ የሚያየው ቁምሳጥን ነው። ለሚጽፍ፣ ለሚጠልፍ፣ ጌጣጌጥ ለሚሠራ፣ ለትንሽ የውሃ ቀለም ሥዕል ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ድሮ ከሰው ቤት የማይጠፋው ትልቁ ቡፌ ካላችሁ ደግሞ መሐሉን አውጥቶ ማስተካከል ይቻላል፣ ጎበዝ አናጢ በሁለት ቀን ይጨርሰዋል።

ኮንዶሚኒየም ከሆነ መደርደሪያውን ግድግዳ ላይ ለመስቀል አትቸኩሉ። ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ነው። ተራ ፊሸር መጽሐፍ የሞላ መደርደሪያ አይሸከምም፣ በዓመቱ ይዞት ይወርዳል። ወለል ላይ የሚቆም ይሁን።

ለዘይት ቀለም ግን ጥጉን አልመክርም። ተርፔንታይን ሳሎን ውስጥ ሲሸት ውሎ ያድራል፣ ምግቡም ቀለም ቀለም ይላል።

የወጣው ልጅ ክፍል

በወረቀት ላይ ብታወዳድሩት ይሄ ያሸንፋል። በር አለው፣ መስኮት አለው፣ መብራቱ ተዘርግቷል፣ ወጪው ከጠረጴዛና ከአምፖል አያልፍም። ለበገና፣ ለክራር፣ ለመሰንቆ ደግሞ የማያጠራጥር ምርጫ ነው፦ ፀጥታ አለው፣ እርጥበቱም የተመጣጠነ ነው። የእነዚህ መሣሪያዎች ቆዳ እርጥበት ሲያገኘው ይላላል፣ ድምፁም ይለወጣል። ክረምቱን በሙሉ ቆርቆሮ ስር የከረመ መሰንቆ መስከረም ላይ ሲመታ አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ።

ችግሩ አምስተኛው መለኪያ ነው። እኛ መጀመሪያ የገባነው ልጃችን ክፍል ነበር። ስምንት ወር ቆየን። ልጁ የኪራይ ውሉ ሲያልቅበት "ለሁለት ሳምንት ብቻ" ብሎ መጣ፣ ዓመት ከአራት ወር ቆየ። የኔ መሮዎች አልጋ ስር ገቡ፣ የእናቱ ስንደዶ ደግሞ ኮሪደር ላይ። አልተቆጣሁም፣ ልጄ ነው። ግን አስቀድመን ብናስብበት ኖሮ ክፍሉን ለሁለት አገልግሎት እናዘጋጀው ነበር። አልጋውን የሚታጠፍ ሶፋ ማድረግ፣ የሥራ ዕቃውን በአንድ ግድግዳ ብቻ ማድረግና የሚቆለፍ መሳቢያ ማሠራት ይበቃ ነበር። እንግዳ ሲያድር ግማሹ የእናንተ ሆኖ ይቀራል።

ሌላው፣ ልጁን ጠይቁት። የትምህርት ቤት ደብተሩንና የኳስ ፖስተሩን ሳይነግሩት ያነሱበት ልጅ እንደሚቀየም የተማርኩት በራሴ ነው።

በረንዳ

አጭር ነው ነገሩ። ብርሃኑ ከሁሉም ይበልጣል፣ አየሩም። አቧራ፣ ነፋስና የክረምት ዝናብ ግን አሉ። በአሉሚኒየምና በመስታወት ካልተዘጋ ዕቃ አያድርበትም፣ ስለዚህ መጀመሪያው መለኪያ ላይ ይወድቃል። ከተዘጋ ደግሞ በጋ ላይ እንደ ምድጃ ነው። ቢያንስ ሁለት መስኮት የሚከፈት አድርጉት። ኮንዶሚኒየም ላይ የሕንፃውን ፊት የሚቀይር ነገር ከመሥራታችሁ በፊት የነዋሪ ማኅበሩን መጠየቅ ግድ ነው፤ ሠርቶ ማፍረስ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

አንድ ሥራ ግን በረንዳ ላይ ያምራል፦ ስፌት። አክርማውና ስንደዶው ውሃ ይፈልጋል፣ ይረጥባል፣ ወለሉን ያረጥባል፣ ቁርጥራጩ ይበተናል። በረንዳ ላይ ይጠረጋል፣ አለቀ። መሶቡና ወስፌው ማታ በአንድ ቅርጫት ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሃያ ደቂቃም አይፈጅም። ለጉልበታችሁ ስትሉ ከበርጩማው ወደ ወንበር ውጡ። በርጩማ ላይ ሦስት ሰዓት ተቀምጦ መነሳት በዚህ ዕድሜ ሌላ ሥራ ነው።

ሰርቪስ ቤት

ግቢ ላለው ሰው ልቡ የሚሄደው ወደዚህ ነው፣ የኔም እዚህ ነው ያረፈው። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ከዋናው ቤት ተለይቷል። ትደበድባላችሁ፣ ትሞርዳላችሁ፣ ቫርኒሽ ትቀባላችሁ፣ ማንም አያጉረመርምም። ቁልፉን ቆልፋችሁ ትወጣላችሁ፣ ነገ ሁሉም እንደነበረ ነው። እንግዳ ሲመጣም ዋናው ቤት እያለ ሰርቪስ የሚሰጠው የለም።

ጉድለቱን ደግሞ በተራ ልንገራችሁ። ሰርቪስ አብዛኛውን ጊዜ የኋላውን አጥር ተደግፎ ነው የሚሠራው። የኋላ ግድግዳው መስኮት የለውም፣ ብርሃን የሚገባው በበሩና በአንዲት መስኮት በኩል ብቻ ነው። ክፍሉ ሦስት በሦስት ወይም ሦስት በአራት ቢሆን ነው፣ ውስጠኛው ግማሽ ቀትር ላይ እንኳ ይጨልማል። የሠራሁት መፍትሔ ርካሽ ነበር፦ ከጣሪያው አንድ ቅጠል ቆርቆሮ አንስቼ በብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ቆርቆሮ ተካሁት፣ ኮርኒሱንም በዚያው ልክ ቆርጬ ከፈትኩት። ክፍሉ ተለወጠ። ፕላስቲኩ በፀሐይ ብዛት እየጠቆረ ይሄዳል፣ በየጥቂት ዓመቱ መቀየር አለበት። ቀጥተኛ ፀሐይ ሥራችሁ ላይ እንዳያርፍ ከስሩ ነጭ አቡጀዲ ወጥሩበት። አያቶቻችን ኮርኒስ ያደረጉት አቡጀዲ እንዲህም ያገለግላል።

ኤሌክትሪኩ ዋናው ራስ ምታት ነው። ሰርቪስ ቤት ከዋናው ቤት በተጎተተ አንድ ቀጭን ሽቦ ነው የሚኖረው። የእንጀራ ምጣድ ሲበራ አምፖሉ የሚደበዝዝባችሁ ከሆነ ማስጠንቀቂያ ነው። ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል፣ በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ነው። ክብ መጋዝ 1,500 ወይም 2,000 ዋት ሊወስድ ይችላል። ሁለቱ በአንድ መስመር አይሄዱም። እኔ ያስገባሁት ኤሌክትሪሺያን ለሶኬት 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ ዘረጋልኝ። መጋዙን ባበራሁ በሦስተኛው ቀን ሽቦው ሲሞቅ በእጄ ነካሁት። ለሶኬት ቢያንስ 2.5 ይሁን፣ ለክፍሉ የራሱ ብሬከር ይኑረው፣ መስመሩ ከምጣዱ ይለይ። ይሄን ወጪ አትቀንሱ፣ ሌላውን ቀንሱ።

ከዚያ ብርዱ። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ሰርቪስ ቤት ያንቀጠቅጣል። ከሰል አቀጣጥሎ ማስገባት የሚያምራችሁ ያኔ ነው። አታድርጉት። በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ሽታ የሌለው መርዝ ነው፣ ተኝቶ ያልተነሳውን ሰው ሁላችንም ሰምተናል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ ግቡ፣ ወይም ጋቢ ደርቡ።

የኪራዩን ነገር ደግሞ በደንብ አስሉት። ብዙ ጡረተኛ ጡረታውን የሚደጉመው በሰርቪስ ኪራይ ነው። አንዱን ክፍል ለእጅ ሥራ መያዝ ማለት ያንን ኪራይ በየወሩ ለራስ መክፈል ነው። እኛ ሁለት ክፍል ነበረን። አንዱን ይዘን አንዱን አከራየን። ተከራዩ የሌሊት ሥራ ያለው ልጅ ነው፣ ቀን ይተኛል። እንጨት የምደበድበው ከሰዓት ብቻ የሆነውም በሱ ምክንያት ነው።

ጓሮ ውስጥ አዲስ መሥራት

ከሁሉ ውዱ ነው፣ ከሁሉም ይልቅ ሰው የሚቸኩልበትም እሱ ነው። ልጆች ከውጭ ገንዘብ ሲልኩ "ለአባዬ ስቱዲዮ" ተብሎ ይጀመራል። ከመጀመራችሁ በፊት ወረዳ ሄዳችሁ የግንባታ ፈቃዱን ጠይቁ፤ "ትንሽ ናት" ማለት አያድንም።

ሦስት መንገድ አለ። የመጀመሪያው እንጨትና ቆርቆሮ ነው። ቶሎ ያልቃል። ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይበርዳል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ዝናቡ ሲወርድ ራስን መስማት አይቻልም። ቆርቆሮ ስትገዙ ቁጥሩን እዩ፦ ጂ 28 ከጂ 32 ይወፍራል፣ ቁጥሩ ሲያንስ ውፍረቱ ይጨምራል። ከስሩ ቺፑድ ኮርኒስ ካልገባበት ግን ውፍረት ብቻውን ሙቀቱንም ድምፁንም አያቆምም።

ሁለተኛው ኮንቴነር ነው፣ አሁን ፋሽን ሆኗል። ባለ 20 ጫማው ውስጡ 5.9 ሜትር ርዝመት፣ 2.35 ሜትር ወርድ አለው። ጠንካራ ነው፣ ሌባ አይደፍረውም። ባዶውን ከሁለት ቶን በላይ ስለሚመዝን ግን በክሬን ነው የሚገባው። ሰፈራችሁ ክሬን የማያስገባ ቅያስ ከሆነ ወይም ከላይ የመብራት ገመድ ካለ ገና ሳትጀምሩ አልቋል። ብረቱ ሌሊት ያልበዋል፣ ላቡ ወረቀትና ሸራ ያበላሻል። ውስጡ ካልተለበጠ እንደ ዕቃ ግምጃ ቤት ብቻ ቁጠሩት፤ ሲለበጥ ደግሞ ወርዱ ወደ ሁለት ሜትር ከሩብ ይወርዳል። ሠዓሊ ከሥዕሉ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ማየት ይፈልጋል። በርዝመቱ ካልሆነ በወርዱ አይችልም።

ሦስተኛው ሰው የሚንቀው ጭቃ ቤት ነው። እኔ ብጠየቅ ይሄን ነው የምለው። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ቀን ቀዝቀዝ፣ ሌሊት ሞቅ ይላል፣ ድምፅም ይውጣል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ጥቂት ቀን ይቦካል፣ ከተለጠፈ በኋላ በደንብ መድረቅ አለበት፣ ስለዚህ ከጥቅምት በፊት አትጀምሩ። ምርጊቱ በየዓመቱ መነካካት ይፈልጋል፣ እንጨቱንም ምስጥ እንዳይበላው ከስሩ ድንጋይ ይግባለት። ጥገናው ራሱ ለጡረተኛ መጥፎ ሥራ አይደለም፣ ወገብ እስከፈቀደ ድረስ።

በአንድ ዓይን ሲታይ

| ምርጫው | ሳይሰበሰብ ያድራል? | ብርሃን | ድምፅ፣ አቧራ፣ ሽታ | ለጉልበት | የመነጠቅ አደጋ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| የሳሎን ጥግ (ክፍት) | አያድርም | እንደ መስኮቱ | አይቻልም | ምርጥ | በጣም ከፍተኛ | ከአንድ ወር ጡረታ በታች |
| የሚዘጋ ቁምሳጥን | ያድራል | በአምፖል | አይቻልም | ምርጥ | ዝቅተኛ | ከአንድ እስከ ሦስት ወር ጡረታ |
| የልጅ ክፍል | ያድራል፣ እስኪመለስ | ጥሩ | ለፀጥታ ሥራ ብቻ | ጥሩ | ከፍተኛ | ከአንድ ወር ጡረታ በታች |
| የተዘጋ በረንዳ | ያድራል | ከሁሉ የበለጠ | መጠነኛ | ጥሩ | ዝቅተኛ | ብዙ ወር ጡረታ |
| ሰርቪስ | ያድራል | ደካማ፣ ይታከማል | ይቻላል | ማታና ክረምት ይከብዳል | ዝቅተኛ | መጠነኛ እድሳት፣ ከሱ ሌላ የቀረ ኪራይ |
| አዲስ ግንባታ | ያድራል | እንዳሠራችሁት | ይቻላል | እንደ ርቀቱ | ዝቅተኛ | በጡረታ ብቻ አይቻልም |

ለማን የትኛው

የምትጽፉ ከሆነ፣ የሕይወት ታሪካችሁንም ይሁን ግጥም፣ ቁምሳጥኑ ይበቃችኋል። ስቱዲዮ እስኪሠራ እጠብቃለሁ የሚል ጸሐፊ አልጽፍም እያለ ነው።

በውሃ ቀለም የምትሥሉ የልጅ ክፍል ያዙ፣ መስኮቱ ወደ ሰሜን ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ። በዘይት ቀለም ከሆነ ሰርቪስ። ዘይት ቀለም ብትሠሩም እንጨት በዘይት ብትቀቡም፣ በተልባ ዘይት የነከራችሁትን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ቅርጫት ውስጥ አትጣሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተጠቀለለ ጨርቅ ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ውሃ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱት።

እንጨት የምትሠሩ ያለ ሰርቪስ ወይም ያለ ጓሮ አትጀምሩ፣ ጎረቤት ታጣላችሁ። ኮንዶሚኒየም ከሆናችሁ በእጅ ቢላ የሚሠራ ትንሽ ቅርጻ ቅርጽ ይበቃል፣ ማሽኑን እርሱት።

ሸማ ለመሥራት ያሰበ ካለ (አንድ የቀድሞ ባልደረባዬ ነበር፣ አባቱ ሸማኔ ነበሩ) ባህላዊው የሽመና ዕቃ ጉድጓድ ይፈልጋል፣ ሸማኔው ዳር ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ታች ሰዶ ነው የሚረግጠው። ምድር ቤት ካልሆናችሁ አይታሰብም። ከወለል በላይ በእንጨት የሚቆመው ዓይነት አለ፣ ግን ቦታ ይበላል፣ የልጅ ክፍል ይሞላል።

ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ ላይ ያላችሁ ዕቃ የሚበዛበት ሥራ አትምረጡ። ሣር፣ ጣውላ፣ ሸክላ አፈር ሁሉም በጀርባ ነው የሚወጣው። ክርና መርፌ፣ ወረቀትና ብዕር፣ እንዝርትና ባዘቶ ቀላል ናቸው።

በጀታችሁ አንድ ወር ጡረታ ብቻ ከሆነ ገንዘቡን አምፖልና ወንበር ላይ አውሉ። ሱቅ ላይ የሚበዛው 6,500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) ነጭ አምፖል ሰማያዊ ስለሚቀላቅል ቀለም ያሳስታል፤ 4,000 ገደማ ፈልጉ፣ ለሥዕል ደግሞ የቀለም ትክክለኛነቱ (CRI) 90 እና በላይ የተጻፈበትን። ከአንድ ትልቅ አምፖል ሁለት መካከለኛ በግራና በቀኝ ይሻላል፣ የእጃችሁ ጥላ ሥራው ላይ አይወድቅም። ጠረጴዛው አሮጌ ሊሆን ይችላል፣ ወንበሩ ግን ወገብ የሚደግፍ ይሁን። መብራት ለሚጠፋበት ቀን ቻርጅ የምታደርጉት ባትሪ ጨምሩ።

ጥቂት ወር ጡረታ ካጠራቀማችሁ ቁምሳጥኑ ወይም የሰርቪሱ ሽቦና ጣሪያ። ልጆች ትልቅ ገንዘብ ሊልኩ ካሰቡ ደግሞ ስድስት ወር ጠብቁ በሏቸው። በዚያ ስድስት ወር ባለው ጥግ ላይ ሥሩ። የትኛው መሣሪያ በየቀኑ እንደሚነሳ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚሠራ፣ ጭራሽ ሥራው ራሱ የሚዘልቅ መሆኑ ያኔ ይታወቃል። በመሐል ከሸማ ወደ ንብ ማነብ የዞረ ሰው አውቃለሁ። ያ ባልደረባዬ ነው።

ጓደኛዬ ቤት ባለፈው ወር ሜትር ይዤ ሄጄ ነበር። የልጁ ክፍል መስኮት ወደ ሰሜን ነው፣ ወርዱ ሁለት ሜትር ከሰማንያ፣ ማቆሚያውም ፈቀቅ ማለቱም ይገባል። ልጁ አዳማ ነው የሚሠራው፣ "አባ ውሰደው" ብሏል። ፎጣው ሌላ መስጫ አግኝቷል። ልጁ ለፋሲካ ሲመጣ የት እንደሚተኛ ግን ጓደኛዬና ባለቤቱ እስካሁን አልተስማሙም።